መርዶው እስከ ዓርብ ይቆይ

እየሩስ ዛሬ ዳባት ላይ መምህርት ናት። ተማሪዎቿ «ቲቸር፣ ዩኒቨርሲቲ እንዴት ነው?» ሲሏት ስለ ደባርቅ ብርድ ታወራላቸዋለች፤ ካልሲ ደራርበው ስለ መተኛታቸው፣ ለሻይ ስለ መሰለፋቸው። የሳይኮሎጂ ኮርስ ከተነሣ ግን ሳቋ ይመጣና መሀል ላይ ይቆማል። ምን ታድርግ፣ ያ ኮርስ ለእሷ ባንቻየሁ ማለት ነው። አይ ያ ጊዜ! ምነው አንድ ቀን ተመልሶ በመጣ ትላለች።

ባንቻየሁ የመካነ ብርሃን ልጅ ናት፤ አንደኛ ዓመት ላይ የዶርም ጓደኛዋ ነበረች። ሌላው ሰው ሳይኮሎጂን ለማለፍ ያህል ሲማር እሷ አበደችበት። መምህር ሚናስ ስለ ስሜትና ስለ ፊት ገጽታ ባስተማሩ በሳምንቱ፣ በግቢው ውስጥ ያልመረመረችው ሰው አልነበረም። ዳቦ የምታድለውን ሴት ሳይቀር «ዛሬ ከባሏ ተጣልታለች» ትላለች። ደግሞም ልክ ትሆናለች፤ የሚያናድደው እሱ! እየሩስንማ «ዋሸሽ! ስትዋሺ አፍንጫሽን ትነኪያለሽ» እያለች መውጫ መግቢያ አሳጣቻት።

የባንቻየሁ አባት አቶ ያየህ ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ላይ ወጥተው ይደውሉና «እስቲ ዛሬ ደግሞ ስለ ሰው ልብ ምን አሏችሁ?» ይሏታል። እሷም የተማረችውን አንድ ሳታስቀር ትነግራቸዋለች። ፊደል አልቆጠሩም እንጂ ኮርሱን ከልጃቸው ጋር ተምረውታል ማለት ይቻላል።

በፈተናው ሳምንት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ባንቻየሁ ላይብረሪ ሳለች አጎቷ አቶ ዋሴ እየሩስን ግቢው በር ላይ አስጠሯት። ሐዘን እንዳይታወቅባቸው ጋቢያቸውን እንደ ወትሮው ለብሰዋል፤ ዓይናቸው ግን ቀልቷል።

«ልጄ፣ ወንድሜ ያየህ እሑድ አረፈ። ትናንት ቀበርነው።»

እየሩስ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«መርዶ እንግዲህ ወግ አለው» አሉ አቶ ዋሴ። «እሱም ሲያጣጥር ‹ልጄን ከፈተናዋ እንዳታስቀሯት› ብሏል። አሁን ከሰማች ጥላው ትመጣለች፤ ዓመቷ ባከነ ማለት ነው። ዓርብ ስትጨርስ ሽማግሌ ይዘን መጥተን እንነግራታለን። እስከዚያ አንቺ ያዢልን።»

«እኔ? ኧረ እኔ አልችልም! እርስዎ አያውቋትም፤ ፊት ታነባለች እኮ!»

«ትችያለሽ። ስልኳን ብቻ አርቂባት።»

እስቲ አስቡት፤ ዳቦ አዳይዋን እንኳ ከማትምር ልጅ ጋር አራት ቀን ፊት ለፊት መቀመጥ! እየሩስ «ስልክሽ ተበላሽቶ ላሠራልሽ ሰጠሁት» ብላ ደበቀችው። አፍንጫዋን ላለመንካት እጇን ኪሷ ከታ ዋለች። ዕንባ ሲመጣባት ቧንቧ ከፍታ ፊቷን ትታጠባለች። ይህ አልበቃ ብሏት የባንቻየሁን ልብስ አጠበችላት፤ ከቤት የተላከላትን በሶ በጥብጣ አቀረበችላት፤ በተከራከሩ ቁጥር «ልክ ነሽ» አለቻት።

ረቡዕ ከሰዓት ባንቻየሁ ትክ ብላ አየቻት። እየሩስ እጇን ይበልጥ ወደ ኪሷ ከተተች።

«ምነው?»

«ምንም። በይ ጠይቂኝ» አለችና ደብተሯን ሰጠቻት።

እየሩስ እፎይ አለች። ወይ ሞኝነት! ባንቻየሁ ከዚያ ወዲያ ስለ ስልኩ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቀችም፤ እየሩስ ግን ያንንም ልብ አላለችውም።

ዓርብ የመጨረሻው ፈተና ሳይኮሎጂ ነበር። ባንቻየሁ ሰዓቱ እስኪያልቅ ጽፋ ወጣች። ከበሩ ውጭ አቶ ዋሴ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ቆመዋል። እየሩስ ክንዷን ያዘቻት።

«ባንቺዬ፣ ቆይ... መጀመሪያ...»

«አውቄያለሁ» አለች ባንቻየሁ። «ረቡዕ ነው ያወቅሁት።»

«ማን ነገረሽ?»

«አንቺ ነሻ! የራስሽን ልብስ የማታጥቢው የእኔን አጠብሽ። ሰው ለሞተበት ነው እንዲህ የሚደረገው። እናቴ ከሞተች ቆየች፤ ከአባባ ሌላ ማን አለኝ?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«እስኪነግሩኝ ድረስ አባት ነበረኛ! ‹ኔትወርክ አጥቶ ነው ያልደወለው› እያልኩ አጠናሁ። ሁለት ቀን ጨመርሽልኝ፣ እየሩስ።»

ከዚያ ዕንባዋን ዋጥ አድርጋ ወደ ሽማግሌዎቹ ሄደች። አቶ ዋሴ ሌሊቱን ሲያሰላስሉት ያደሩትን ንግግር ሊጀምሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ባንቻየሁ ግን ቀድማቸው አንገቷን ሰበር አድርጋ ጉልበታቸውን ሳመች።

«አጎቴ፣ እንዴት ሰነበታችሁ?» አለች፣ ምንም እንዳልሰማ ሰው። «አባባስ ደኅና ነው?»

እየሩስ አራት ቀን የያዘችውን ልቅሶ ያኔ ለቀቀችው።