መስታወቱ ላይ የተጻፈው

ባለቤቴ ለሚያሳድጋቸው የባሕር ፍጥረታት፣ ለኮራሎቹ፣ በሠራው የመስታወት አኳሪየም ላይ የቀረው የትርፍ ውሃ መውረጃው ብቻ ነበር። የሚበሳውን ቦታ መስታወቱ ላይ በቀለም አክብቦ «እዚህ ጋ» ብሎ ጻፈና ሳይበሳው ሞተ።

ታናሽ ወንድሙ መሰርሰሪያ ይዞ መጣ። ጽሑፉ እንዳይጠፋብኝ፣ «ሳይበሳ ጠርዙ ላይ የሚንጠለጠል መውረጃ የለም?» አልኩት።

«አለ። ግን መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሳሎንሽን ባሕር ያደርገዋል፤ አንቺ ደግሞ ዋና አትችዪም።»

ሳቅሁለት። ኮራሎቹ ባልዲ ውስጥ መገርጣት ጀምረዋል፤ ሌላ ቀን ይሁን ልለው አልቻልኩም።

«በይ እህቴ፣ እኔ ስበሳ መስታወቱ እንዳይግል ውሃ አፍስሺበት።»

ጆጉን አነሣሁ። ቀለሙ ገና ውሃ ሲነካው መልቀቅ ጀመረ።

«ቀስ አድርገሽ» አለኝ።

ከዚያ በላይ ቀስ ማለት አልችልም ነበር።