ጓንት ያላደረገ እጅ

ሰባት ሰይፍ ለማሸግ ሁለት ሰዓት ይበቃል ብዬ ነበር። አባቴን አልቆጠርኩትም።

አባዬና እማዬ ወደ ጠባብ የፎቅ ቤት ሊገቡ ነው። እማዬ «ሠላሳ ዓመት ሙሉ አልጋዬ ሥር ስለት እያለ ተኝቻለሁ፤ አሁንስ በቃኝ!» ብላ ቁርጡን ስለነገረችው አባዬ ለዓመታት የሰበሰባቸውን ሰይፎች ለሙዚየም ለመስጠት ተስማማ። የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በየሳምንቱ ሐሙስ እየሄደ ራሱ እንዲወለውላቸው። እሺ አሉት። ከሥራ ካረፈ ወዲህ እንዲህ የጓጓለት ነገር አላየሁም። ለሐሙስ ብሎ ሱሪ አስተኩሷል።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኬሚስትሪ ስለማስተምር ሙዚየሙ የላከውን የማሸጊያ መመሪያ እኔው አነበብኩ፤ ማዘዙንም እኔው ያዝኩት። ስለቱ በቀጭን ዘይት ይታሻል። ሰይፉ ወደ ገዛ አፎቱ ይገባል፤ አፎት የሌለው ጫፉ ላይ ቡሽ ይሰካለታል። ከዚያ በወረቀት ተጠቅልሎ በልኩ በተቦረቦረ ስፖንጅ ላይ ይጋደምና እንዳይነቃነቅ በጥብጣብ ይታሰራል። ከሁሉም በፊት ግን የጥጥ ጓንት። የጣት ላብ ብረት ላይ ካደረ የዝገት አሻራ ትቶ ይሄዳል።

«ጓንት ለሙሽራ ነው» አለ አባዬ።

«ለሰይፍም ነው። አድርግ።»

«አርባ ዓመት ቁልፍ ስሠራ ጓንት አላደረግሁም።»

«ቁልፎችህ ሙዚየም አልገቡም። የሙዚየሙ መኪና በስድስት ሰዓት ይመጣል፤ ቶሎ በል።»

«እሺ፣ ባቡሯ» አለና አጠለቀው። ባቡሯ ያለኝ ገና በልጅነቴ ነው፤ ለማንም አትቆምም ለማለት።

ጓንቱን ካደረገ በኋላ ተንቀራፈፈ። እያንዳንዱን መለያ «አንብቢልኝ» ይላል፤ መነጽሩ ግንባሩ ላይ ተሰቅሏል። የዘይት ጨርቁን ሲፈልግ እጁ ሁለት ጊዜ በአጠገቡ አለፈ።

«ሆን ብለህ ነው አይደል የምታዘገየኝ?» አልኩት።

«ቀጣዩን አቀብዪኝ» አለ።

«መንትዮቹ» የሚላቸው ሁለት ጎራዴዎች ላይ ደረስን። ርዝመታቸው እኩል ነው። የአንዱ እጀታም አፎትም ነጭ፣ የሌላው ሁለቱም ጥቁር ስለሆነ ሕፃን ልጅ እንኳ ይለያቸዋል። አባዬ ነጩን አንስቶ ጥቁሩ አፎት ውስጥ ከተተው። እመሃል ላይ ሲደርስ ተቀረቀረ። ገፋው።

«አባዬ! ነጩን እኮ ነው!»

እጁ ባለበት ቀረ። «ነጩ ነው?» አለ ቀስ ብሎ። እየጠየቀኝ ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የማታየው?» አልኩት።

«ዓመት ሊሆነው ነው። አሁን ጥላ ጥላው ብቻ ነው የሚታየኝ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የሙዚየሙ ሰዎች እንዳይሰሙ። ለማያይ ሰው ማን ስለት ያስጨብጣል? ሐሙሴ ቀረ ማለት ነው።»

ዓመት ሙሉ በጣቶቹ ሲያይ የኖረን ሰው ጠዋቱን ሙሉ በጥጥ ጋርጄው ስጮህበት ነበር።

«አውልቀው» አልኩት።

ጓንቱን ወርውሮ አፎቱን ከሥሩ በመዳፉ ደገፈ። አፉ ዘንድ ከያዙት ስለቱ ሰንጥቆት ጣት ሊቆርጥ ይችላል። እጀታውን በአውራ ጣቱ ለቀቅ ለቀቅ አድርጎ ሳበው፤ ወጣ። «ተቀይሟል እንጂ አልተጎዳም» አለ። የቀሩትን በግማሽ ሰዓት ጨረስናቸው፤ እሱ እየዳሰሰ፣ እኔ ጓንት አድርጌ ከኋላው እየጠረግሁ።

የሙዚየሙ ሰው የርክክብ ቅጽ ይዞ መጣ። ሳጥኑን አስከፍቶ ለአባዬ አዲስ ጓንት ዘረጋለት። «ጋሼ፣ አንዱን መዝዘው ያሳዩኝ እስቲ። ጓንት ግን ግዴታ ነው።»

«እጁን ያሳክከዋል» ብዬ ልዋሽ አፌን ስከፍት አባዬ ቀደመኝ።

«ልጄ፣ ጓንት ካደረግሁ አላይም። ዓይኔ ሄዷል፤ የቀረኝ ጣቴ ነው።»

ሰውዬው ቅጹን አየ፣ ከዚያ እኔን። «ይቅርታ፣ ጋሼ... ስለት ነው እኮ። የሐሙሱ ነገር እንግዲህ...»

«እሱ ይዳስሳል፣ እኔ እጠርጋለሁ» አልኩ። «በየሳምንቱ አብሬው እመጣለሁ።» ምን እንዳልኩ የገባኝ ካልኩት በኋላ ነው።

አባዬ መልስ አልጠበቀም። ነጩን ጎራዴ መዝዞ በስለቱ ጀርባ ላይ ጣቱን አስኬደና አንድ ቦታ ላይ ቆመ። «እዚህ ጋ ጭረት አለ። የቆየ ነው። በኋላ እናንተ ጫራችሁት እንዳልል አሁኑኑ ጻፈው።»

ሰውዬው አጎንብሶ ፈለገ። መስኮቱ ዘንድ ወስዶ ፈለገ። አዘንብሎ ብርሃን ላይ ሲያገላብጠው አገኘው፤ ከፀጉር የቀጠነ ነው።

«እኔ እኮ አላየሁትም ነበር» አለ።

ጭረቱን መዘገበ። ከዚያ «ሐሙስ» ከሚለው አጠገብ «ሁለት ሰው» ብሎ ጻፈ። «በሦስት ሰዓት ይመቻችኋል?»

ሐሙስ በሦስት ሰዓት አስተምራለሁ። «በዘጠኝ ይሁን» አልኩት።

የአባዬን አሻራ ከስለቱ ላይ ጠርጌ ጎራዴውን ወደ ነጩ አፎት መለስኩና ጥብጣቡን አጥብቄ አሰርኩ። አባዬ አጠገቤ ቆሞ ቋጠሮውን በጣቱ ፈተሸው።

«ደህና ነው» አለ። «ባቡሯ፣ ሐሙስ ጓንትሽን እንዳትረሺ።»