የአባቴ እርምጃ

አባቴ ጁሶህ፣ መስጊድ ውስጥ የሚሰግደው በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጦ ነው። ጉልበቱ ያን ሁሉ ሥጋ መሸከም ካቃተው ቆይቷል። ምኞቱ አንድ ነው፤ እንደ ሰው ግንባሩን ምንጣፍ ላይ ማሳረፍ። ሐኪሙ ግን፣ "መጀመሪያ ክብደት ይቀንሱ፣ ከዚያ ጉልበትዎ ቀዶ ጥገና ይደረግለታል" ብሎ እርምጃና የልብ ምት የሚከታተል አምባር እጁ ላይ አሰረለት። ካልተራመደ ከሕክምናው ይሰረዛል።

አባቴና መራመድ! ከቤት ሻይ ቤት እንኳን በሞተር ብስክሌት ነው የሚሄደው። ስለዚህ እናቴ አምባሩን ከእጁ ፈትታ በራሷ እጅ ላይ አሰረችው። እሷ ቀጭን ናት፤ ከንጋት ጀምሮ ዳገቱ ላይ ከአንዱ የጎማ ዛፍ ወደ ሌላው እየዞረች ቅርፊቱን ትሰነጥቃለች፣ ጎማ የሚሆነውን ወተቱን ትቀዳለች።

"እማዬ፣ ሚዛን ላይ ሲወጣስ?" አልኳት።

"ሲወጣ እናየዋለን። አንቺ አርፈሽ ተቀመጪ።"

አምባሩን ከጤና ጣቢያ ሆና የምትከታተለው ነርስ እየደወለች፣ "አባባ፣ ጎበዝ፣ ከሁሉም በልጠዋል" ስትለው ሳያፍር ያመሰግናታል። እኔ ደሜ ይፈላል።

አንድ ቀን ጠዋት ሻይ ቤት አብሬው ተቀምጬ ሳለሁ ስልኩ ጮኸ፤ ነርሷ ናት። እሱ ሲያወራ የስልኩን ድምፅ ለቤቱ ሁሉ ከፍቶ ነው።

"አባባ፣ የት ነዎት? የልብ ምትዎ ክፉኛ ተዛብቷል። ካሉበት እንዳይነሱ፣ ሰው በመኪና ያምጣዎት።"

አባቴ ሳቀ። "ኧረ ደህና ነኝ ልጄ፣ ሮቲ ቂጣዬን እየበላሁ ነው።"

እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ተያየን። ሮቲው ከእጁ ወደቀ። አምባሩ ያለው እናቴ እጅ ላይ ነው።

የጎረቤት መኪና ይዘን በረርን። መኪና የማይገባበትን ዳገት አባቴ በእግሩ ወጣው፤ እንዴት እንደወጣው እስከ ዛሬ አይገባኝም። እናቴ ዛፍ ሥር ተቀምጣለች፣ ላብ አጥምቋታል፣ ከንፈሯ ጠቁሯል።

"ትንሽ ደክሞኝ ነው" አለች።

መኪና ውስጥ አምባሩን ከእጇ ፈትታ አባቴ እጅ ላይ አሰረችው። አባቴ እንደ ሕፃን እጁን ሰጣት።

ጤና ጣቢያው በር ላይ ነርሷ ተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች ወደ አባቴ ሮጠች። "ይቀመጡ አባባ፣ ቶሎ!"

እናቴ ከኋላው በክርኗ ጎሰመችው። "ተቀመጥ እንጂ" አለችው በሹክሹክታ። "ከሰረዙህ ጉልበትህን ማን ያክምልሃል?"

አባቴ አምባሩን ከእጁ ፈታው። "ልቡ የእሷ ነው" አለ። "የተራመደችውም እሷ ናት። እኔን ሰርዙኝ፣ እሷን አድኑልኝ።"

ነርሷ ወንበሩን ወደ እናቴ አዞረችው። እናቴ ግን በንዴት አፈጠጠችበት።

"እና ያን ሁሉ ዳገት በከንቱ ነው የወጣሁልህ?" አለችውና ወንበሩ ላይ ወደቀች።