ሱጊያ የባሏን ስም የጠራችበት ቀን

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ከዋሸሁ የካማላ ወንዝ ሰዉን ሁሉ ትቶ እኔን ብቻ መርጦ ይውሰደኝ።

በእኛ መንደር ሚስት የባሏን ስም አትጠራም፤ ከጠራች ዕድሜው ያጥራል። የወንድሜ ሚስት ሱጊያም ባሏን «የሙኒያ አባት» ነው የምትለው። ሙኒያ ሳትወለድ በፊት ደግሞ ስሙ «ስማ እንጂ» ነበር።

ሱጊያ ከጎረቤቶቿ ጋር ማንጎው ሥር በየሳምንቱ እየተቀመጠች ስትቆጥብ ቆይታ፣ የሴቶቹ ማኅበር የወተት ጎሽ መግዣ ብድር ሊያስወጣላት ሆነ። ጎሿ ወንዙ ማዶ ታስራለች፤ ግቷ መሬት ሊጠርግ ደርሷል። የጎሿ ጌታ «ዛሬ ካልወሰድሽ ለሌላ እሸጣለሁ» ብሏል።

ብድሩን የሚፈርመው የባንክ ሰው መጣ። ሰማዩ ጠቁሯል፣ ወንዙ እየሞላ ነው፣ የጀልባው ቀዛፊ ከታች ከወንዙ ዳር «ኧረ ቶሎ በሉ!» እያለ ይጮኻል።

«ስምሽ?»

«ሱጊያ።»

«የባልሽስ?»

ሱጊያ ሳሪዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

«ራምዳኒ ነው ጌታዬ!» አልኩ እኔ ዘልዬ።

«አንተን ማን ጠየቀህ? በሚስቱ ስም ተበድሮ የሚሰክር ባል ስንቱን አየሁ! ከራሷ አፍ ካልሰማሁ አልፈርምም።» ቦርሳውን ዘጋ።

«ባሏን ትግደልልዎት እንዴ?» አለች የማኅበሩ ሰብሳቢ ዳኔስሪ።

«ባል ሄዶ ጎሽ ከመጣ ምን ቀረባት?» አለች ሌላዋ። ሴቶቹ በሳሪያቸው ጫፍ አፋቸውን ይዘው ሳቁ።

ሱጊያ አልሳቀችም። «ዋርሳዬ» አለችኝ በሹክሹክታ፣ «እስኪ ጠይቅልኝ። ልበለው?»

ወንድሜ ከዛፉ ጀርባ ይንቆራጠጣል። «ቀስ አድርጋ ትበል» አለኝ ላቡን እየጠረገ። «ግማሹን ብቻ።»

«ራም...» አለች።

«አልሰማሁም» አለ ሰውዬው፤ አንድ እግሩን ወደ ጀልባው አንሥቷል። የዝናብ ጠብታ አፍንጫዬ ላይ አረፈ።

ሱጊያ ብድግ አለች። ፊቷን የሸፈነው ሳሪ ወደ ኋላ ተንሸራተተ።

«ራምዳኒ!»

ቁራዎቹ ከማንጎው ተነሡ፤ ቀዛፊው መቅዘፊያውን ጣለ፤ ከወንዙ ማዶ ጎሿ «እምቧ!» ብላ መለሰች። ወንድሜ እንደ ተቆረጠ ግንድ ተዘረረ።

«ገደልኩት!» ብላ ላዩ ላይ ወደቀች። «ራምዳኒ! ኧረ ራምዳኒ!» በጠራችው ቁጥር ፊቱ ላይ ደም ይመለሳል። በመጨረሻ አንድ ዓይኑን ከፈተ።

«እናቴ ከሞተች ወዲህ» አለ፣ «እንዲህ አድርጎ የጠራኝ የለም። እስኪ ድገሚው።»

የባንኩ ሰው በዝናብ እየራሰ ፈረመ። ጎሿም በዚያው ቀን ተሻገረች። ዛሬ «ራምዳኒ! ሳሩ ታጨደ ወይ?» የሚለው ድምፅ ከማሳ ማዶ ይሰማል። እሱም አልሞተም፤ እንዲያውም ወፍሯል።

እሺ፣ አንዲት ነገር ፈጥሬያለሁ። ጎሿ አልመለሰችም። ከመዘረሩ በፊት፣ መንደሩ ሁሉ እየሰማ፣ «አቤት!» ብሎ የመለሰው ወንድሜ ነው። ይህን እንዳላወራ ጠዋት ጠዋት ወተት ያጠጣኝ ነበር። አሁን ግን ወተቱን የምትሰፍረው ሱጊያ ናት፤ ለእኔ ጠብ አይልም።