አፕዴት አይነካ

እትዬ ፈለቀች ስልካቸውን በክሊኒኩ ካርድ ክፍል ሙሀባ ጠረጴዛ ላይ ወረወሩት።

"አንብቢው! አገር ያነበበውን አንቺ ለምን ይቅርብሽ!"

ሙሀባ አነሳችው። በቴሌግራም የተበተነ ምስል ነው። ከላይ የክሊኒኩ ስም፣ ከሥሩ የእትዬ ፈለቀች ሙሉ ስም ከነዕድሜያቸው፣ ከዚያ የአክታ ምርመራ፣ መጨረሻው ላይ "ቲቢ ተገኝቷል"። ሸዋ ሮቢት ገና በጠዋቱ እንደ ምድጃ ግላለች፤ የሙሀባ ጣቶች ግን ቀዘቀዙ።

"ሦስት ወር ሙሉ መድኃኒቴን ተደብቄ ዋጥኩ" አሉ እትዬ ፈለቀች። "ሐኪሙም ከእንግዲህ ወደ ሰው አይተላለፍም ብሎኛል። ዛሬ የደሴው አውቶቡስ ሆቴሌ በር ላይ ቆመ። ሹፌሩ ስልኩን አየና ሞተሩን መልሶ አስነሳ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያበላሁት ሰው! የሠራሁት ቁርስ ድስቱ ውስጥ ቀረ።"

"ማን አወጣው?"

"ሰሊማ ናታ! ግቢዬ ውስጥ ቤት ያከራየኋት፣ እንደ ልጄ የያዝኳት። የመረመረችኝ እሷ፣ መድኃኒት ስውጥ የምታየኝ እሷ። ሌላ ማን አለ?"

ሰሊማ የክሊኒኩ ላቦራቶሪ ሠራተኛ ናት። ቤቱ ስለጠበበ ላቦራቶሪው ከአስፋልቱ ማዶ ነው የተከራየው። በዚያ ሁሉ ከባድ መኪና መሀል ገመድ መዘርጋት ስለማይቻል፣ ሰሊማ ውጤቱን በዋይፋይ ወደ ካርድ ክፍል ትልካለች፤ እዚህ ሙሀባ ተቀብላ ታትማለች። የክሊኒኩ ባለቤት ጋሼ ታከለ ጩኸቱን ሰምተው ከምርመራ ክፍል ወጡ። ሴትዮዋን አረጋግተው ኮሪደሩ ወንበር ላይ አስቀመጧቸውና "ሰሊማን ዛሬውኑ አሰናብታታለሁ" ብለው ቃል ገቡላቸው።

እውነቱን ለመናገር ሙሀባም ለአፍታ ሰሊማን ጠርጥራለች። የእትዬ ፈለቀችን ፋይል ማን እንደከፈተው ለማየት ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። የተጠቃሚዎቹ ዝርዝር ውስጥ እሷ አለች፣ ሰሊማ አለች፣ ጋሼ ታከለ አሉ። ከእነሱ በታች ማንም ያልፈጠረው አራተኛ ስም አለ። ባለ ስሙ ማክሰኞ ዕለት የአንዲት ሴት ፋይል ብቻ አልነበረም የወሰደው። የሁለት ዓመቱን የበሽተኞች ፋይል በሙሉ ቀድቶ ሄዷል።

"ያ ረቢ!" አለች። ኑዕማን ጋ ደወለች። ኑዕማን የማጀቴ ከተማ ልጅ ነው፤ ኮምፒውተሩ ላይ ሊኑክስ የተባለውን ሲስተም የጫነላቸው እሱ ነው።

"ኑዕማን፣ ጉድ ሆንኩ! ሰው ገብቶብናል።"

"ቆይ፣ ተረጋጊ። የከርነሉን ቁጥር አንብቢልኝ።"

አነበበችለት።

"ይሄኮ ያኔ እኔ የጫንኩት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ አፕዴት አላደረግሽውም?"

"አፕዴት አይነካ ያልከው አንተ!"

እውነቷን ነው። ከርነሉ ማሽኑን በሙሉ የሚያዘው የሲስተሙ እምብርት ነው። የክሊኒኩ ዋይፋይ ደግሞ ከኮምፒውተሩ ጎን የተሰካች ርካሽ ነገር ነች፤ የሚያሠራት ፕሮግራም፣ ድራይቨሯ፣ ከዚያ ከአሮጌው ከርነል ጋር ብቻ ነው የሚስማማው። ለዚህ ነው ኑዕማን ያኔ በወረቀት "አፕዴት አይነካ" ብሎ ጽፎ ስክሪኑ ላይ የለጠፈው። ጋሼ ታከለ ወረቀቱን በጣም ስለወደዱት በላስቲክ አስለበጡት። ከዚያ በኋላ ማን ይነካዋል? ማሽኑ "አዲስ የደኅንነት ማሻሻያ አለ" ባለ ቁጥር ሙሀባ "በኋላ" የሚለውን ትጫናለች። እንዲያውም ታዛዥነቷን እንደ ጉብዝና ትቆጥረው ነበር።

"ለሁለት ሳምንት ነበርኮ ያልኩሽ" አለ ኑዕማን ድምፁ ሰልሎ። "ድራይቨሩን ለአዲሱ ከርነል እስካስተካክለው። ረሳሁት፤ ወላሂ ረሳሁት። ዓምና የታወቀ ቀዳዳ አለ። ያሳደሰ ሁሉ ደፍኖታል፣ እናንተ ጋ ክፍት ነው።"

"አሁን ባሳድሰውስ?"

"አንዴ ሰው ከገባበት ማሳደስ ብቻውን አይበቃም። ቅዳሜ መጥቼ ከባዶ እጭነዋለሁ። እስከዚያ ሌባው ተመልሶ እንዳይገባ ዋይፋይዋን ንቀያት። በአዲሱ ላይም ላትሠራ ትችላለች፤ አትጠብቂያት።"

"ላቦራቶሪውስ?"

"ወረቀት ይዛችሁ በእግር።"

ጋሼ ታከለ በሩ ላይ ቆመው ሁሉንም ሰምተዋል። ገብተው በሩን ከኋላቸው ዘጉት።

"ዛሬ ገበያ ነው፣ ስልሳ ሰው ይመጣል። ዋይፋይዋ እስከ ቅዳሜ ባለችበት ትቆይ። ይሄን ነገር ደግሞ ትንፍሽ እንዳትይ።"

"ሰሊማስ ጋሼ? ምንም አላደረገችም እኮ!"

"አሁን ገባኝ" አሉ፣ ዓይኗን ሳያዩ። "ግን አንዲት ልጅ ብትሄድ ክሊኒኩ ይተርፋል። ማሽኑ ነው ካልን ማን ይመጣል? ያንቺስ እንጀራ?"

ሙሀባ ደነገጠች። የሌባው መግባት እንኳ እንዲህ አላስደነገጣትም። አራት ዓመት አብራቸው ስትሠራ እኚህን ሰው ደግ ናቸው ብላ ለሰው ሁሉ ስትናገር ኖራለች።

በሩ ተከፈተ። ሰሊማ ናት፤ ነጭ ጋወኗን እንደለበሰች፣ ላብ እያጠመቃት።

"ሙሀባ፣ እትዬ ፍራሼን መንገድ ላይ ጥለውት አገኘሁት። ልብሴ አቧራ ላይ ተበትኗል። ምን አድርጌ ነው?"

ሙሀባ ስክሪኑ ላይ ወደተለጠፈው ወረቀት ዞረች። ያን ወረቀት ስንት ጊዜ በጨርቅ ወልውላዋለች! እጇን ወደ ኮምፒውተሩ ጎን ሰደደችና ዋይፋይዋን ነቀለቻት። ስክሪኑ ላይ "ግንኙነቱ ተቋርጧል" የሚል ጽሑፍ ወጣ። በላስቲክ የተለበጠውንም ወረቀት ከስክሪኑ ላይ ላጠችው።

"ሙሀባ!" አሉ ጋሼ ታከለ።

ሰሊማን በእጇ ይዛ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ከእትዬ ፈለቀች ጎን የተቀመጠው በሽተኛ ሁሉ ቀና አለ፤ ማሾ ለመሸጥ የመጡ ገበሬዎች፣ ልጅ ያዘሉ እናቶች፣ አንድ ወታደር።

"እትዬ፣ ሰሊማ አይደለችም" አለች፣ ወረቀቱን ጭናቸው ላይ እያስቀመጠች። "የወጣው ከእኔ ኮምፒውተር ተሰርቆ ነው። ማሽኑ ቀዳዳውን ዝጊው ሲለኝ በኋላ እያልኩ ሁለት ዓመት ክፍት የተውኩት እኔ ነኝ።"

እትዬ ፈለቀች አንድ ጊዜ ወረቀቱን፣ አንድ ጊዜ ሰሊማን አዩ።

ሙሀባ ወደ ሌሎቹ ዞረች። ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም።

"የእሳቸው ብቻ አይደለም። የእናንተም ወጥቷል።"