ቁርቁራው ጋ የምትቆመው መኪና

መኪና አይዋሽም። ሰው ይዋሻል፣ ናፍጣ ሻጭማ ከነቤተሰቡ ይዋሻል፣ መኪና ግን ያመመውን ይናገራል፤ ይሄን ስል ነው ያረጀሁት። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ጋራዥ ከከፈትኩ ጀምሮ "ጂን ይዟታል" እያሉ ያመጡልኝን መኪና ሁሉ፣ ጂኑን ከፊልትሮ ወይ ከባትሪ ውስጥ አውጥቼ አሳይቻለሁ። ስለዚህ የእህቴ ልጅ ጦልሃ መጥቶ "አብቲ፣ መኪናዋ ቁርቁራው ጋ ስትደርስ ትቆማለች" ሲለኝ ደሜ ፈላ። እኛ ጋ አጎትና የእህት ልጅ አብቲ ነው የሚባባለው፤ እኔም እንደዚያው መለስኩለት።

"የቱ ቁርቁራ ነው አብቲ? ዛፍ መኪና ሲያስቆም የት አየህ?"

"መልካ ጀብዱ ሳትደርስ፣ መቃብሩ ጋ ያለው" አለ። "አባቴ ያለበት።"

አባቱ ሽሬ ነው፤ የእህቴ የዳሃቦ ባል፣ የኔም የልብ ጓደኛ። መኪናዋ የሱ ነበረች። ባለ ቱርቦ ናፍጣ፣ ከኋላ ፊት ለፊት የተገጠሙ ሁለት አግዳሚዎች ያሏት፣ ከድሬ መልካ ጀብዱ ሰው የምታመላልስ። ሽሬ ሲሞት ጦልሃ መሪውን ያዘ። ዳሃቦ ቤት የሚበላው ከዚህች መኪና ነው፤ ሌላ ምንም የለም። አሁን ደግሞ ተሳፋሪው ሸሸ። መቆሟ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ቁርቁራው ጋ ቆማ ስትነሳ፣ ማንም ሳይገባ፣ ከኋላ ያሉት "ጠበበን" ይላሉ አለኝ። ሴቶቹ ቢስሚላህ እያሉ ወርደው በባጃጅ ይሄዳሉ። ሳትፈራ የምትሳፈረው እናቱ ብቻ ቀረች።

"የጅግጅጋ ሰው ሊገዛት ጁምዓ ይመጣል" አለ ጦልሃ። "ካልተሰራች እሸጣታለሁ። ከዛ ወዲያ ምን እንደምንበላ አላህ ያውቃል።"

"ዝም በል አቦ! ቦኔቱን ክፈት።"

መቼ ጀመራት ብዬ ጠየቅኩት። "እናቴ ከኢዳ የወጣች ሰሞን" አለኝ። ባሏ የሞተባት ሴት የኢዳ ጊዜዋን እስክትጨርስ ቤቷ ትቀመጣለች፤ ለቀብርም እኛ ጋ ሴት አትወጣም። ዳሃቦ ባሏን የሸኘችው ከበር ላይ ነው። እኔ ስለ መኪና ስጠይቅ እሱ ስለ እናቱ ይነግረኛል ብዬ ጭራሽ ተናደድኩ።

ነገሩ ግልጽ መሰለኝ። መቃብሩ ጋ መንገዱ ትንሽ ዳገት አለው። ዳገት ላይ ሞተር ብዙ ናፍጣ ይጠይቃል፤ ናፍጣ የሚያጣራው ፊልትሮ ከታነቀ አይደርስለትም፣ ጉልበት ያጣል። በጀሪካን የሚሸጥ ናፍጣ ውጤት ነው። አሮጌውን ፊልትሮ ፈትቼ ገለበጥኩት። ጥቁር ዝቃጭ ወጣ፣ ከስሩም ውሃ። ለጦልሃ አፍንጫው ስር አስጠጋሁለት።

"ይኸውልህ ጂንህ! ሰላም በለው!"

አዲሱን በናፍጣ ሞልቼ፣ የአፉን የጎማ ቀለበት ናፍጣ ቀብቼ፣ በእጄ አጥብቄ አሰርኩት። ከላዩ ያለችውን የእጅ ፖምፓ እስክትጠነክር ድረስ እየጫንኩ አየሩን አስወጣሁ። ሞተሩ አንዴ ሳል ሳል ብሎ ተነሳ፤ ድምፁ አንጀት ያርሳል። ና እንሞክራት አልኩት።

ቀትር ነበር። ድሬ በቀትር እንዴት እንደምትሆን የምታውቁ ታውቃላችሁ። ሱቅ ዝግ ነው፣ ወንዱ ጫቱን ይዞ በርጫ ላይ ነው፣ አስፋልቱ ላይ ውሻ እንኳ አይታይም። ሰው ሌሊት ይፈራል፤ እኔ ብትጠይቁኝ የድሬ ቀትር ይብሳል። ሁሉም ነገር ወለል ብሎ እየታየ ማንም የለም።

ቁርቁራው ታየ። ጦልሃ ነዳጁን እንደረገጠ ነው፤ አይኔን ከእግሩ አልነቀልኩም። ሞተሩ ግን ድምፁን ዝቅ አደረገ። ናፍጣ ያጠረው ሞተር ይንገጫገጫል፣ ይታነቃል። ይሄኛው ግን ሹፌር እግሩን እንዳነሳለት ሁሉ በቀስታ፣ በስነ ስርዓት፣ የመንገዱን ዳር አስይዞ አቆማት። ከዛ ከኋላ፣ ጭነቱን የሚሸከመው ባሌስትራ ሲጢጥ አለ። የመኪናዋ ኋላ ሰው ሲሳፈር እንደሚሆነው ዝቅ አለ።

ዞሬ አየሁ። አግዳሚዎቹ ባዶ ናቸው። መስኮቱ ዝግ ነው፣ ነፋስ የለም።

"አየህ አብቲ?" አለ ጦልሃ በሹክሹክታ።

"ምኑን ነው የማየው? አቧራ ነው ያየሁት!" ብዬ ጮህኩበት። ወላሂ ፈርቼ ነው የጮህኩት።

እኔ ፍርሃት ሲይዘኝ እልህ ይይዘኛል፤ አፈጣጠሬ ነው። ፊልትሮው ንጹህ ከሆነ፣ ጉልበት እጨምርላታለሁ አልኩ። ቱርቦ ማለት ሞተሩ በሚተፋው ጭስ እየተሽከረከረ ንፋስ የሚጠቀጥቅ ነገር ነው። ንፋሱ ሲበዛ አንዲት ትንሽ በር ተከፍታ ጭሱን በሌላ በኩል ታሳልፋለች። በሯን የምትከፍተውን ዘንግ ካሳጠርክ በሯ ዘግይታ ትከፈታለች፤ ንፋሱ ይጨምራል፣ መኪናው ይበረታል። ሲበዛ ሞተር ይበላል፤ ጨዋ መካኒክ አይነካካውም። እኔ ግን የዘንጉን ማሰሪያ ዳዶ ፈትቼ ዘንጉን አሳጠርኩ፣ የንፋሱን ልክ የሚያሳይ ጌጅ ገጠምኩ፣ ናፍጣውንም ትንሽ ከፈት አደረግኩላት። ሽሬ ቢያየኝ ኖሮ በሶማሊኛም በኦሮምኛም ይሰድበኝ ነበር። እሱ መኪናዋን እንደ ልጅ ነበር የሚይዛት።

በማግስቱ ቀትር ላይ እንደገና ወጣን። ቱርቦው ያፏጫል፣ ወንበሩ ጀርባዬን ይገፋኛል። ቁርቁራው ጋ ስንደርስ ሞተሩ እንደልማዱ ድምፁን ሊቀንስ ሲል "እርገጥ! አትልቀቃት!" አልኩት። መኪናዋ አልሄድም እንዳለች በቅሎ ተንቀጠቀጠች። ጌጁ ወረደ፣ ከዛ ሽቅብ ተተኮሰ። ተላቀቀችና አለፍን።

"አልሃምዱሊላህ!" ጦልሃ መሪውን በጥፊ ይመታል፣ አይኑ ጌጁ ላይ ነው። እኔ ግን በጎን መስታወት ወደ ኋላ አየሁ።

ከቁርቁራው ስር አንድ ሰው ብድግ አለ። ሽርጥ የታጠቀ፣ ኩፍያ ያደረገ፣ ቀኝ እግሩን ሳብ የሚያደርግ። እጁን አንስቶ ወደ አስፋልቱ ወጣ። ሹፌሩ ያላየው መስሎት ትንሽ ሮጥ ሮጥ አለ። ከዛ መሀል መንገድ ላይ ቆመ፤ እጁን ግን አላወረደም። ሽሬ ነው። እድሜዬን ሙሉ ከአንድ ትሪ አብሬው የበላሁትን ሰው አልስተውም።

አባትህ ነው፣ ቁም ልለው አፌን ከፈትኩ። ጦልሃ ይስቃል። ከቀብሩ ወዲህ ጥርሱን አይቼው አላውቅም ነበር። አፌን መልሼ ዘጋሁ። ስንመለስም አይኔን ጨፍኜ አለፍኩ።

ገና ሳቢያን ሳንደርስ ለጅግጅጋው ሰውዬ ደውሎ አልሸጥም አለው። ለተራ አስከባሪው ደውሎ "ነገ ሞልተህ ጠብቀኝ፣ ድናለች" አለው። ጋራዥ ስንገባ ዳሃቦ ጥላው ውስጥ ተቀምጣ ትጠብቀናለች።

"ሆዮ!" ብሎ እናቱን ከሩቅ ተጣራ። "አለፈች! ሳትቆም አለፈች!"

እህቴ እሱን አላየችውም። እኔን ነው ያየችው።

"ከሪም፣ ቆሞ ነበር?"

"ማን?" አለ ጦልሃ።

ልዋሻት ነበር፤ አልሆነልኝም። "ቆሞ ነበር" አልኳት።

"እጁን አነሳ?"

"አነሳ።"

ጦልሃ አንዴ እኔን አንዴ እሷን እያየ ፊቱ አመድ መሰለ። ዳሃቦ አላለቀሰችም። "ሲቀብሩት አላየሁትም" አለች። "ከኢዳ ወጥቼ መጀመሪያ በመኪናዋ በሄድኩ ቀን መጥቶ ከጎኔ ተቀመጠ። ከዛ ወዲህ መልካ ጀብዱ ገበያ ድረስ አብሮኝ ይሄዳል። ምንም አይናገርም፣ እኔ ነኝ የማወራለት። ቲማቲም ሲወደድ እንኳ እነግረዋለሁ።"

ተነስታ ሻሿን አጠበቀች፣ ወደ በሩ አመራች።

"ወዴት ነው በዚህ ፀሐይ? አብደሻል?" ጮህኩባት።

"ቁርቁራው ጋ።"

"ሆዮ፣ ነገ እኔ እወስድሻለሁ" አለ ጦልሃ።

"እሱን ለመጫን ትቆማለህ?"

ጦልሃ ቢቆም ተሳፋሪው ይሸሻል፤ ተሳፋሪው ከሸሸ መኪናዋ ትሸጣለች። እሷም ታውቃለች። ጠጋ ብላ ጉንጩን ዳበሰችው።

"አልተቀየምኩህም ልጄ፤ መብላት አለብን። እኔ በእግሬ እደርሳለሁ። አባትህ ጉልበቱን ያመዋል፣ ብዙ መቆም አይችልም።"

ወጣች። በዚያ ባዶ መንገድ፣ ጥላ እንኳ ሳትይዝ፣ ወደ መልካ ጀብዱ አቅጣጫ ሄደች። እኔ መፍቻዬን አንስቼ ቦኔቱን ከፈትኩ። ቱርቦው ገና እንደ እሳት ይፋጃል፤ ግድ አልሰጠኝም፣ ዳዶዋን ያዝኩ። መኪናዋ እንደገና እንድትቆምለት ዘንጉን እንደነበረው ልመልሰው ነው። ጦልሃ ከኋላዬ መጥቶ እጄን ያዘኝ።

"ተው አብቲ" አለ። "ነገ ተሳፋሪ አለኝ።"

ድምፅ እያወጣ ያለቅስ ነበር፤ እጄን ግን አልለቀቀኝም።