ለየብቻ ጤነኛ

ሐኪሙ ራም የምትባለዋን ቀጭን ሰሌዳ ከኮምፒውተሩ ነቅሎ የመዳብ ጥርሷን በላጲስ ፈገፈጋት፤ እፍ አለባትና መልሶ ሰካት። ይህን ሲያደርግ ሦስተኛ ጊዜው ነበር። ኮምፒውተሩን አስነሥቶ ፍተሻውን ጀመረ። አራት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ቀያይ መስመሮች ስክሪኑን ሞሉት።

"ምን ይላል?" አሉ እቴቴ መስኮቱ ስር እንደተቀመጡ።

"ገና ነው፤ እየፈተሽኩ ነው" አለ። ዋሸ።

ሐኪም ያሉት ሰው ስላዳነ አይደለም። የትምህርት ቤቱን አርባ ኮምፒውተሮች ለብቻው ስለሚጠግን፣ ደግሞም ምንም ነገር ቢበላሽ "አጥፍታችሁ አብሩት" እያለ እንደ ኪኒን ስለሚያዝ ነው። እቴቴ የሬከርድ ክፍል ሠራተኛ ናቸው። ሃያ ዘጠኝ ዓመት የተማሪ ውጤት መዝግበዋል፤ ከመምህሩ እስከ ጥበቃው እቴቴ የማይላቸው የለም። ጡረታ ሊወጡ ስምንት ወር ይቀራቸዋል። ዛሬ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ግን የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ይቀርባሉ። የአሥራ ሁለት ተማሪዎች ውጤት ተዛብቶ ወጥቷል፤ ወላጆች ግቢውን አተራምሰውታል። ኮሚቴው ጥፋተኛ ካላቸው ከሥራ ይሰናበታሉ።

ሐኪሙን ፈትሽ ያለው ሰው የለም። በወረቀት ከሆነ ፍተሻው ድሮ አልቋል። ከሦስት ቀን በፊት ርዕሰ መምህሩ ኮሪደር ላይ አስቁመውት አንድ ወረቀት ሰጡት። "የሬከርድ ክፍሉ ኮምፒውተር ተፈትሾ ምንም ብልሽት ያልተገኘበት መሆኑን አረጋግጣለሁ" ይላል። ግድግዳው ላይ አስደግፎ ፈረመበት። ሚስቱ እየደወለችለት ስለነበር ቸኩሎ ነው። ኮምፒውተሩን ዞር ብሎ እንኳ አላየውም።

ጉዱን ያየው ዛሬ ጠዋት ለኮሚቴው የስህተቶቹን ዝርዝር ሊያትም ሲመጣ ነው። ትክክለኛው 89፣ የወጣው 81። ትክክለኛው 78፣ የወጣው 70። አሥራ ሁለቱንም በጣቱ እየተከተለ ወረደ። ወይ ስምንት ዜሮ ሆኗል፣ ወይ ዘጠኝ አንድ ሆኗል። ሌላ ቁጥር አልተነካም። ሰው እንዲህ አይሳሳትም፤ የሰው ጣት ሲስት የጎኑን ቁልፍ ነው የሚመታው። ኮምፒውተር ውስጥ ግን ስምንትንና ዜሮን የምትለያቸው አንዲት ምልክት ብቻ ናት፤ ዘጠኝንና አንድንም እንዲሁ። ያቺ ምልክት ራም ላይ ከተዛባች ቁጥሩ ይለወጣል። ይህን ኮሌጅ ሳለ ለፈተና ሸምድዶት ነበር።

ራም ማለት ኮምፒውተር ሥራ ላይ እያለ የያዘውን ነገር ለጊዜው የሚያኖርባት ጣት የምታህል ሰሌዳ ናት። የእቴቴ ኮምፒውተር ከአንድ እሽግ የወጡ ሁለት መንትዮች ነበሩት። ከአራት ወር በፊት ርዕሰ መምህሩ "የእኔ ማሽን ተጎተተብኝ፣ ከየትም ብለህ አፍጥንልኝ" አሉት። እሱም አንደኛዋን መንትያ ነቅሎ ለእሳቸው ወሰደላቸው። በቦታዋ መጋዘን ከተጣለ ማሽን ያገኛትን፣ ስሪቷም ፍጥነቷም የተለየ ራም ሰካ። ኮምፒውተሩ ያለችግር ተነሣ። መጠኑም ሙሉ መሆኑን አሳየ። ሐኪሙ ሥራውን ጨርሻለሁ ብሎ እጁን አራግፎ ሄደ።

አሁን ተስፋ ያደረገው በአንድ ነገር ብቻ ነበር። መጋዘን ያገኛት ራም ራሷ ከተበላሸች "ዕቃ ነው፣ ተበላሸ" ይባልና ነገሩ ያልቃል። ሌላዋን አውጥቶ እሷን ብቻዋን ፈተሻት። ፍተሻው ሃምሳ ደቂቃ ሄደ። አንድም ቀይ መስመር አልመጣም። የቀረችውንም መንትያ ብቻዋን ፈተሻት፤ እሷም ንጹሕ ናት። ቦታቸውን አቀያይሮ ሁለቱንም ሰካ፤ ቀይ። ለየብቻ ጤነኛ፣ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ቁጥር የሚያበላሹ። ጥፋቱ የአንዳቸውም አልነበረም፤ አንድ ላይ የሰካቸው ሰው ነው ጥፋተኛው።

ርዕሰ መምህሩ በሩን ገፋ አድርገው ገቡ።

"አንተ፣ ምን እየነካካህ ነው? ይሄ ነገር አልቋል እኮ።"

"ጋሼ፣ ራሞቹ ናቸው..."

ርዕሰ መምህሩ እቴቴን ገረፍ አድርገው አዩና ሐኪሙን በክንዱ ይዘው ወደ ኮሪደር አወጡት። የሆነውን ሁሉ ነገራቸው። ሳያቋርጡት ሰሙ።

"የእኔ ማሽን ውስጥ ያለችው የእሷ ናት ነው የምትለኝ?"

"አዎ ጋሼ።"

"ከየትም ብለህ አልኩህ እንጂ ከእሷ ነቅለህ አምጣ አልኩህ?"

"አላሉኝም።"

"ደብዳቤው ላይ ያለው ፊርማ የማን ነው?"

"የእኔ።"

"እኔ የምልህ" አሉ ድምፃቸውን ለስለስ አድርገው፣ "ሕፃኗ እንዴት ናት?"

"ደህና ናት።"

"ተመስገን። ስንት ሆናት? ሁለት ወር? የኮንትራትህ ማራዘሚያ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ ዛሬ እፈርምልሃለሁ። ቢሮዬ ክፍት ነው። ራሟን ከእኔ ማሽን አውጣና ለእሷ ማሽን መልስላት። ያንን የመጋዘኑን ቅራቅንቦ ጣለው። ሴትዮዋም በማስጠንቀቂያ ታልፍ ይሆናል።"

"ካላለፉስ?"

"ያኔ እናያለን" አሉና ትከሻውን መታ መታ አድርገው ሄዱ።

ሐኪሙ ኮሪደሩ ላይ ተገትሮ ቀረ። ቢናገር በገዛ ፊርማው ይጠየቃል፤ በወሩ መጨረሻ ኮንትራቱ ሲያልቅ ያለ ሥራ ይቀራል። ሚስቱ ገና ከወሊድ አልተነሣችም። ዝም ቢል ደግሞ እኚህ ሴት ስማቸው ጠፍቶ ይባረራሉ። በየትም በኩል ቢያስበው መውጫ አጣለት። ሞኝነቱ አናደደው፤ ሰውዬውንም ጠላቸው፤ ከሁሉ በላይ ግን ፈራ።

ወደ ክፍሉ ተመለሰ። እቴቴ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ሰዓታቸውን ያያሉ። ለስምንት ሩብ ጉዳይ ነው።

"እቴቴ" አለ፣ "ጥፋቱ የእኔ ነው።"

"የምኑ ጥፋት?"

ነገራቸው። ስለ መንትዮቹም፣ ስለ ፊርማውም፣ አንድም ሳያስቀር ነገራቸው። ይቅር ይሉኛል ብሎ ሳይጠብቅ አልቀረም፤ ሁልጊዜ ይቅር ይላሉና።

"ስንት ጊዜ ነገርኩህ?" አሉ ከመቀመጫቸው ሳይነሡ። "በራሱ ይጠፋል አልኩህ። የጻፍኩትን ይቀይርብኛል አልኩህ። ምን ነበር ያልከኝ?"

"መነጽር ይቀይሩ..."

"ቀየርኩ! መነጽሬን ቀየርኩ እኮ! ሌሊት ሌሊት ጃጀሁ እንዴ እያልኩ ራሴን ስጠራጠር ነው የከረምኩት። ልጄን ጠርቼ ቁጥር አንብብልኝ ብዬዋለሁ፣ እንዳላበድኩ ላረጋግጥ። አሁን ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? እኔ አላጠፋሁም፤ እሱን አውቃለሁ። ለማያውቁት ንገራቸው።"

ጸሐፊዋ በሩ ላይ ብቅ አለችና "እቴቴ፣ ይጠሩዎታል" አለች። እሱን የጠራው የለም፤ ደብዳቤው አለ፣ እሱ ለምን ያስፈልጋል?

እቴቴ ተነሥተው ነጠላ ጫማቸውን አስተካከሉ። ሐኪሙ ገመዶቹን መንቀል ጀመረ። ሁለቱ የማይስማሙ ራሞች እንደተሰኩ ናቸው፤ አልነካቸውም። ኮምፒውተሩን ብብቱ ስር ሸጎጠና ስክሪኑን ሊያነሣ ሲል እቴቴ ቀደሙት።

"እሱን እኔ እይዘዋለሁ" አሉ ፊታቸው ሳይፈታ። "ልትጥለው ነው።"

የስብሰባው ክፍል ውስጥ አምስት ሰዎች ረጅሙን ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል። ርዕሰ መምህሩ ሐኪሙን ሲያዩ ፊታቸው ተለዋወጠ።

"አንተን ማን ጠራህ?"

"ማንም አልጠራኝም" አለና የግድግዳውን ሶኬት ፈልጎ ኮምፒውተሩንና ስክሪኑን ሰካ። ፍተሻው መቁጠር ጀመረ። ስክሪኑ ላይ ገና ቀይ መስመር የለም።

ሰብሳቢው፣ አንድ ሽማግሌ የሒሳብ መምህር፣ ከፋይሉ ላይ ደብዳቤውን አነሡ። "ኮምፒውተሩ ምንም የለበትም ብለህ ፈርመሃል። ታዲያ ምን ልታሳየን ነው?"

ቀዩ መስመር እስኪመጣ አራት ደቂቃ ይቀራል። ሐኪሙ በልቡ አንዲት ማምለጫ አዘጋጅቶ ነበር። ማሽኑ ይናገርና እሱ ደግሞ "እኔ ስፈርም ደህና ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ነው የተበላሸው" ይላል። ማንም አያፋጥጠውም፤ ማን ያውቃል? ግን ውጤቶቹ የተዛቡት እሱ ከመፈረሙ በፊት ነው። እንዲያ ካለ ማሽኑ ቢቀላም እቴቴ አይድኑም። እቴቴን አያቸው። ስክሪኑን አስቀምጠው በሩ አጠገብ ቆመዋል፤ ማንም ተቀመጡ አላላቸውም።

ቀዩን አልጠበቀም።

"ሳልፈትሽ ነው የፈረምኩት" አለ። "ማሽኑ ከአራት ወር ወዲህ ቁጥር ይቀይራል። ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ደህናዋን ራም ነቅዬ የማትስማማ ሰካሁበት።"

ሰብሳቢው ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

"የነቀልካትስ የት ገባች?"

ርዕሰ መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሐኪሙ ዞሮ አላያቸውም።

"በርዕሰ መምህሩ ኮምፒውተር ውስጥ ናት" አለ። "ከእናንተ አንድ ሰው አብሮኝ ይምጣና ዓይኑ እያየ ልንቀላት።"